እማማ ብቻቸውን ናቸው? ከዚራ ውስጥ ሰው ለመቁጠር የሞከርንበት ቤት

ሳሎን ውስጥ እኔን ጨምሮ ስድስት ሰው ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። ስልኬ ላይ ያለው ቁጥር ግን «-3» ይላል። ቤቱ ውስጥ ከዜሮ በታች ሦስት ሰው አለ ማለት ነው። እማማ ስልኩን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩትና ሳቁ።

«አቦ፣ እኛን ትቶ ጅን ነው እንዴ የሚቆጥረው? በር ላይ ያለውን ጫማ አትቆጥርም?»

ወጥቼ ቆጠርኩ። ስድስት ጥንድ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሚያዝያ ነው። የእማማ ልጅ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። እሷ አዲስ አበባ ገባች፣ እኔ ድሬ ዳዋ ቀርቼ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። አንድ ማታ ደወለችልኝ። እናቷ ሳሎን ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪያገኛቸው ድረስ ብዙ ሰዓት መሬት ላይ ቆይተዋል። ደግነቱ አጥንት አልተሰበረም። ድንጋጤው ግን ጓደኛዬን እንቅልፍ ነሳት። ወዲያው የቤት አጋዥ ቀጠረችላቸው፤ ጠዋት መጥታ ማታ የምትሄድ ዝምተኛ ልጅ። ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ነው። እናቷ ብቻቸውን የሚሆኑበትን ሰዓት አዲስ አበባ ሆና ማወቅ።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ካሜራ ነበር። እማማ አልሰሟትም። «ሙቀቱ ሲብስ በድሪያ ብቻ በምውልበት ቤት ዓይን ልትተክሉብኝ?» አሉ። ድምፅ የሚቀዳ ነገርም አይሆንም ተባለ። ሦስተኛ ቅድመ ሁኔታም ጨመሩ። ልጃቸው አዲስ አበባ ሆና የምታየውን እሳቸውም እዚሁ ሳሎናቸው ውስጥ ማየት አለባቸው። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ደንበኛ አይቻለሁ፤ እንዲህ አስተካክሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

ቤቱን ላስተዋውቃችሁ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ ከተማዋም አብራው ተወለደች። ከዚራ የባቡሩ ሰዎች ያሰመሩት ሰፈር ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ። የእማማ ባለቤትም በሕይወት ሳሉ ምድር ባቡር ነበር የሚሠሩት። ቤቱ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤትና ሰፊ በረንዳ አለው። ማድ ቤቱ ከኋላ፣ ግቢውን ተሻግሮ ነው። ይህቺን የማድ ቤት ነገር ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ብዙ ሰው የሚያስበው ዓይነት ነው። ሳሎኑ በር ላይ ሁለት የኢንፍራሬድ ጨረር ጎን ለጎን ዘረጋሁ። የውጪው ቀድሞ ከተቆረጠ ሰው ገባ፣ የውስጠኛው ቀድሞ ከተቆረጠ ሰው ወጣ። ሲገባ ደምር፣ ሲወጣ ቀንስ። ወገብ አካባቢ አደረግኩት፤ ዝቅ ካለ አንድ ሰው በሁለት እግሩ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጠረጴዛዬ ላይ ስሞክረው አንድም አልሳተም።

የድሬ በር ግን መግቢያ ብቻ አይደለም። ሰው ደፉ ላይ ይቆማል፣ ይደገፋል፣ ግማሽ ገላውን አስገብቶ ሰላምታውን ይጨርሳል። ሁለት ጎረቤታሞች ተቃቅፈው ሲገቡ አንድ ሆኑ፤ ሲወጡ ተራ በተራ ወጡና ሁለት ሆኑ። ዳዴ የሚል ሕፃን በጨረሩ ሥር ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ፊት ለፊት ተቀባዩ ላይ ትወድቃለች። ጨረሩ በ38 ኪሎኸርዝ የሚርገበገበው ከፀሐይ ብርሃን እንዲለይ ተብሎ ነው። የድሬ ፀሐይ ቀጥታ ስትመታው ግን ተቀባዩ ይደነቁራል። ያረጀ እስክሪብቶ ቀፎ ቆርጬ፣ ጥቁር ቀብቼ እንደ ቱቦ አጠለቅኩለት፤ ተሻለው።

የፀሐዩ ችግር መፍትሔ አለው። የመደመርና የመቀነሱ ችግር ግን የለውም። በር ላይ የሚደረግ ቆጠራ አንዴ ከተሳሳተ ስህተቱን ተሸክሞ ይቀጥላል። ጠዋት ሦስት፣ ቀትር ላይ ሦስት፣ ከሰዓት ሦስት ገቢ ሲያመልጠው፣ ስድስት ሰው ያለበት ቤት ማታ ላይ «-3» ይሆናል። ቤቱ በእርግጠኝነት ባዶ የሆነበት ሰዓት ካለ ወደ ዜሮ መመለስ ይቻላል። ቢሮ እንዲህ ነው። እማማ ቤት ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ማታ ነው የተሳሳተ ጥያቄ እየመለስኩ እንደሆነ የገባኝ። ጓደኛዬ «ስንት ሰው አለ?» አላለችኝም። «ብቻዋን ናት?» ነው ያለችኝ። ስድስት ሰው ቡና ላይ ይቀመጥ አራት፣ ለእሷ ልዩነት የለውም። አንድ ነው ወይስ ከአንድ በላይ? በቃ። የበሩን ጨረር ነቀልኩት።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰርም አስቤ ነበር። ሰው ተቀምጦ ሲተነፍስ በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ያወጣል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ መጠኑ ሲጨምር የሰውን ብዛት መገመት ይቻላል። ድሬ ላይ በግንቦት መስኮት ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ካገኛችሁ ጥሩኝ።

የቀረው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው። ነጭ የፕላስቲክ ጉልላት ያለችው፣ ኤችሲ-ኤስአር501 የምትባለው ርካሽ ቦርድ። ሳሎን፣ ሁለቱ መኝታ ቤቶች፣ በረንዳውና ማድ ቤቱ ላይ አንዳንድ ሰቀልኩ። ሁሉም ኢኤስፒ32 በምትባል ዋይፋይ ባላት ትንሽ ቦርድ ያዩትን ወደ አንድ ሳጥን ይልካሉ፤ የሚፈርደው ሳጥኑ ነው። ይህቺ ሴንሰር ማንነት አታውቅም፣ ብዛትም አታውቅም። ስድስት ሰው ቢንቀሳቀስም አንድ ሰው ቢንቀሳቀስም ምላሿ አንድ ነው፦ «የሆነ ነገር ተነቃነቀ»።

ታዲያ በዚህ እንዴት ይቆጠራል? በርቀት። ሳሎንና ማድ ቤት መሀል ግቢው አለ። እማማ ቀስ ብለው ስለሚራመዱ ለመሻገር ግማሽ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ሁለቱ ሴንሰሮች በሦስት ሰከንድ ልዩነት ከነቁ አንድ ሰው ሁለቱም ጋ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው አለ። የክፍሎቹን ጉርብትና እንደ ካርታ ታስገባለህ፣ ሳጥኑ «ይሄ በእግር ይቻላል ወይስ አይቻልም?» እያለ ይፈርዳል። ሐሳቡ የእኔ አይደለም። አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዳያን ኩክ የሚመሩት ካሳስ የተባለ የምርምር ቡድን አለ። እንዲህ ዓይነት ቀላል ሴንሰሮችን ሰው በሚኖርባቸው ቤቶች ውስጥ እየሰቀለ ለዓመታት ያጠና ነው። ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ሲኖር «ይህን ያነቃው ማን ነው?» የሚለው እነሱንም ሲያለፋ የኖረ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን የእማማ ቤት ሙት ሌሊት ሁለት ሰው ይታይበት ጀመር። ጅኑ ተመለሰ ተባለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቦርዷ ላይ ሁለት ብርቱካናማ ማስተካከያዎች አሉ። አንዱ ሴንሰሯ ከነቃች በኋላ ለምን ያህል ጊዜ «አለ» እያለች እንደምትቆይ ይወስናል፤ ከሦስት ሰከንድ እስከ አምስት ደቂቃ ገደማ። እኔ ረጅሙ ላይ ትቼዋለሁ። እማማ ሌሊት ከመኝታ ተነስተው ውሃ ሊጠጡ ሳሎን ሲገቡ፣ የመኝታ ቤቱ ሴንሰር ገና «አለ» እያለ ነው። እሳቸው ከራሳቸው ጋር ሁለት ሆኑ። ወደ አጭሩ አዞርኩት፣ ጅኑም ጠፋ።

ሳሎን ውስጥ ትንሽ መብራት አኖርኩ። አረንጓዴ ከሆነ ሰው አለ፣ ቢጫ ከሆነ ብቻቸውን ናቸው። የሁለተኛ ሰው ምልክት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ካልታየ ቢጫ ይሆናል። ለጓደኛዬም ያው በቴሌግራም ይደርሳታል። ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ አጋዧ ልጅ ደብተር ያዘች። በየሰዓቱ ጫማውን ቆጥራ፣ ማን የት እንዳለ ትጽፋለች። ጽሑፏ ከእኔ ጽሑፍ ይሻላል።

ሁለት ሳምንት ደህና ሄደ። ሰኔ ሲገባ ጓደኛዬ ተቆጥታ ደወለች።

«ልጅቷ ከሰዓት በኋላ እናቴን ጥላት ትሄዳለች።»

«በምን አወቅሽ?»

«ያንተ ማሽን ነዋ! ሰሞኑን ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ቢጫ ነው። ጠየቅኳት፤ ማድ ቤት ነበርኩ አለች። ዓይኗን በጨው አጥባ!»

ወደ ቤቱ ሄድኩ። ልጅቷ ደብተሩን አውጥታ ሰጠችኝ። በእነዚያ ቀናት በ9 ሰዓት መስመር ላይ «2፤ እማማ ሳሎን፣ እኔ ማድ ቤት» ይላል። አላለቀሰችም። ዝም ብላ ቆየችና «ጋሼ፣ እኔን ነው የምትቆጥሩት ወይስ እማማን?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ከደብተሩ ይልቅ ሳጥኑን ነበር ያመንኩት። ሴንሰር አይዋሽም እንላለን። እማማን እንዳልጠይቅ፣ በዚያ ሰዓት ሸለብ ያደርጋቸዋል።

በማግስቱ 9 ሰዓት ላይ ማድ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከሰል ተያይዟል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ይዤው የሄድኩት ቴርሞሜትር 36 ዲግሪ ይላል። ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው እጄን እያንቀሳቀስኩ ስልኬን አየሁ። ምንም። ተነስቼ ተራመድኩ። ምንም። ሴንሰሯ ፊት ሄጄ እጄን ሳወዛውዝ ነው በስንት መከራ የነቃችው። ያቺን ሰዓት ማድ ቤት ውስጥ እኔም አልነበርኩም።

ምክንያቱን ሳውቀው አፈርኩ። ስጠግናት የኖርኩት ዕቃ ናት። ይህቺ ሴንሰር ሰውን አታይም፤ የሙቀት ልዩነትን ነው የምታየው። ውስጧ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ፣ ተቃራኒ ሆነው የተገናኙ ህዋሶች አሉ። ክፍሉ በሙሉ ቢሞቅ ወይም ቢቀዘቅዝ ሁለቱ እኩል ስለሚሰማቸው ይጣፋሉ። ከግድግዳው የሞቀ አካል ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ሲያልፍ ነው ልዩነት ተፈጥሮ የምትነቃው። የቆዳችን ሙቀት 33፣ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግድግዳው 20 ዲግሪ ሲሆን እንደ ፋኖስ እንበራለን። ግድግዳው 34 ሲሆን ከግድግዳው ጋር አንድ እንሆናለን። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ከ35 ዲግሪ በላይ መውጣቷ ብርቅ አይደለም። ሴንሰሯ ቀዝቃዛ አገር ጥሩ ታያለች፤ እዚህ ግን ቀን ቀን ትታወራለች።

ሳጥኑ ደግሞ መታወሩን አያውቅም። ለሳጥኑ «አላየሁም» እና «የለም» አንድ ናቸው። እንዲህ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ ጋ ደውዬ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና ልጅቷን ስልክ ላይ አቅርባት አለችኝ። የተነጋገሩትን አልሰማሁም፤ ግቢ ወጥቼ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የተስተካከለው። መጀመሪያ በሩን ተውኩና የግቢውን የብረት በር ያዝኩ። የቤቱ በሮች ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው፤ የግቢው በር ግን ፍየል እንዳይገባ ይዘጋል። ትንሽ የማግኔት ሴንሰር ገጠምኩበት። አይቆጥርም፣ ተከፈተ ወይም አልተከፈተም ብቻ ይላል። ሁለት ሰው መኖሩ ከታየ በኋላ የግቢው በር ካልተከፈተ፣ ሁለተኛው ሰው ሄደ ሊባል አይችልም። በአጥር ዘሎ ካልሆነ።

የቸገረኝ በሩ ከተከፈተ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ማን ገባ? ማን ወጣ? ሴንሰሮቹ በሙቀቱ ታውረዋል። መልሱ የመጣው ከእማማ አፍ ነው። እንግዳ ሸኝተው ከመኝታ ቤት ሲወጡ መለስ ብለው ቬንትሌተሩን ጠረቅ አድርገው አጠፉት። «የመብራት ካርድ የሚሞላው ማን መሰለህ?» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ድሬ ውስጥ ከቀትር በኋላ ቬንትሌተር ሳያበራ የሚቀመጥ ሰው የለም። እማማ ቤት ደግሞ ሰው በሌለበት ክፍል የሚሽከረከር ቬንትሌተር የለም። ያው ሙቀት ሴንሰሯን ሲያሳውር ቬንትሌተሩን ያስነሳል። በጥርና በየካቲት አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቬንትሌተሩ ዝም ይላል፣ ሴንሰሯ ጥርት አድርጋ ታያለች። ሳሎንና መኝታ ቤት በአንድ ጊዜ ቬንትሌተር ከበራ፣ ሁለት ሰው አለ።

ቬንትሌተሩ መብራቱን እንዲነግረኝ ሽቦው ላይ የሚቆለፍ የከረንት ሴንሰር ገዛሁ። መጀመሪያ ሁለቱንም ሽቦ አንድ ላይ አቆለፍኩበትና ዜሮ አነበበ። የሚሄደውና የሚመለሰው ይጣፋላ! አንዱን ብቻ ነው መያዝ ያለበት። ሌላው ችግር ሴንሰሩ እስከ 100 አምፔር የሚለካ መሆኑ ነው። ቬንትሌተር ግን 70 ዋት ገደማ ቢበላ ነው፤ በ220 ቮልት ሲሰላ አንድ ሦስተኛ አምፔር አይሞላም። ሽቦውን በሴንሰሩ ቀዳዳ አምስት ጊዜ አዞርኩት፣ ንባቡም አምስት እጥፍ ሆነ። የጥገና ሱቅ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ።

የማድ ቤቱ ነገር ቀረ። ሴንሰሯ በጣም የምትታወርበት ክፍል እሱ ነው፣ ቬንትሌተር ደግሞ የለውም። ለጓደኛዬ «ማድ ቤት ቬንትሌተር ካልገባ ልጅቷን ማየት አንችልም» አልኳት። በሳምንቱ ብር ላከች፣ የግድግዳ ቬንትሌተር ገጠምኩ። ልጅቷ እዚያ ከሰል አጠገብ ስንት ከሰዓት ስትጠበስ ከርማለች፣ ማንም ትዝ ያለው የለም። ነፋስ ያገኘችው ሴንሰሩ ስላላያት ነው። ይህን ስነግራት ሳቀች። እኔ ብዙም አላሳቀኝም።

ሁለት ነገር ደግሞ ቀነስን። ቀን ቀን ወደ አዲስ አበባ መልእክት አይሄድም። የሚሄደው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እማማ ብቻቸውን ከሆኑ፣ ወይም ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ ቤቱ ውስጥ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። የቀኑ መረጃም ማታ ማታ ይጠፋል። ጓደኛዬ መጀመሪያ አልተዋጠላትም። «ታዲያ ልጅቷ ብትሄድስ?» አለች። እማማ ከጎኔ ሆነው «እኔ አፍ የለኝም?» ብለው መለሱላት።

መብራቱም ሦስተኛ ቀለም አገኘ፦ ሰማያዊ። «አላውቅም» ማለት ነው። በረንዳው ከ33 ዲግሪ በላይ ሲሆንና ቬንትሌተሮቹ ፀጥ ሲሉ ሳጥኑ መፍረድ ያቆማል። ይህቺን ቀለም ለመጨመር የጻፍኩት አሥር መስመር አይሆንም። ሰኔ ላይ ቢኖር ኖሮ ያቺ ልጅ አትሰደብም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ መብራት ጠፋ። ሳጥኑ በፓወር ባንክ ስለሚሠራ አልጠፋም፤ ቬንትሌተሮቹ ግን ቆሙ። ሙቀቱ ገና አልበረደም። ሁላችንም ወንበር ይዘን በረንዳ ወጣን። ሳሎን ውስጥ ሰማያዊው በራ። የእማማ ስልክ ጠራ፣ ከአዲስ አበባ ነው።

እማማ በስልካቸው ባትሪ ደፉ ላይ አበሩ። «አምስት ጥንድ አለ» አሏት። «አንዱ የዚህ የማሽንሽ ባለቤት ነው፤ ተረከዙ አልቋል፣ ንገሪው።»